ሆሜር ፕሌሲ፦ ጫማ ሰፊውና ከኋላው የቆመው ሕዝብ

በአሜሪካ የሕግ ትምህርት የሚከታተል ሁሉ የሆሜር ፕሌሲን ስም ሳይሰማ አይመረቅም። ስሙ ከአንድ ዳኛ ስም ጋር ተጣምሮ ከ1896 ዓ.ም. ጀምሮ በአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መዝገብ ሰፍሮ ይገኛል። ሰውየው ግን ጠበቃም፥ ፖለቲከኛም፥ ባለጸጋም አልነበረም፤ በእጁ ሥራ የሚተዳደር ጫማ ሰፊ ነበር። መጽሐፍ አልጻፈም፤ በእርግጥ የእርሱ ነው የሚባል ፎቶግራፍ እንኳ አልተገኘም። ታሪኩ ሲነገር ብዙውን ጊዜ ብቻውን በባቡር ተሳፍሮ ብቻውን እምቢ ያለ ሰው ሆኖ ይቀርባል። እምቢ ማለቱ እውነት ነው። ብቻውን አለመሆኑን ለመረዳት ግን ሕይወቱን ከመነሻው መከተል ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲገነዘቡልን እንጠይቃለን።

ፕሌሲ የተወለደው በ1860ዎቹ መጀመሪያ ገደማ፥ ማርች 17 ቀን፥ በሉዊዚያና ግዛት በኒው ኦርሊንስ ከተማ ነው። ዕለቱ የቅዱስ ፓትሪክ መታሰቢያ በመሆኑ ሳይሆን አይቀርም ከስሞቹ አንዱ ፓትሪስ የተባለው። አያቱ ዠርማን ፕሌሲ በፈረንሳይ አገር በቦርዶ የተወለደ ነጭ ሲሆን፥ በሄይቲ የባሮች አብዮት በተነሣ ጊዜ ከዚያ ሸሽቶ ኒው ኦርሊንስ ገባ፤ በዚያም ካትሪን ማትዩ ከምትባል ነፃ ከወጣች የጥቁር ዘር ሴት ልጆች ወለደ። ከዚህ የተነሣ ሆሜር መልኩ ከነጭ የማይለይ ሰው ሆነ። በፍርድ ቤት እንደ ተገለጸውም ከስምንት እጅ ሰባቱ እጅ የነጭ ደም ነበረው። በዚያ አገር ግን የቀረችው አንዲት እጅ ጥቁር ታሰኘው ነበር።

አባቱ አናጢ ነበር፤ ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ሞተ። እናቱ ሮዛ ደበርግ ልብስ ሰፊ ነበረች። እርሷም በ1871 ዓ.ም. ቪክቶር ዱፓርን አገባች። ይህ ሰው በፖስታ ቤት ጸሐፊነት ይሠራ የነበረ ሲሆን የጫማ ሥራም ያውቅ ነበር። ሆሜር ሙያውን የያዘው በዚህ ቤት ሳለ ነው። ከሙያውም ሌላ የወረሰው ነገር ነበር፤ ይኸውም እንጀራ አባቱ በ1873 ዓ.ም. ነጮችና ጥቁሮች በአንድነት፥ በእኩልነትም እንዲኖሩ በከተማይቱ በተነሣው የኅብረት እንቅስቃሴ ከተካፈሉት ሰዎች አንዱ ነበር።

እዚህ ላይ ስለዚያ ማኅበረሰብ ጥቂት ማለት ይገባል። ሉዊዚያና በ1803 ዓ.ም. ለአሜሪካ ከመሸጧ በፊት በፈረንሳይና በስፔን ሥር ስለነበረች፥ በኒው ኦርሊንስ ከባርነት ዘመን ጀምሮ ነፃ የሆኑ፥ ፈረንሳይኛ የሚናገሩና በእምነታቸው ካቶሊክ የሆኑ ብዙ ጥቁሮችና ክልሶች ይኖሩ ነበር። ክሪዮል ይባላሉ። ግንበኞች፥ አናጢዎች፥ ሲጋራ ጠቅላዮች፥ ጫማ ሰፊዎችና ሙዚቀኞች ነበሩ፤ ከእነርሱ መካከል ሀብት ያፈሩ፥ ጋዜጣ ያሳተሙና ግጥም የጻፉም ነበሩ። ትሬሜ በሚባለው ሰፈር በ1840ዎቹ መጀመሪያ የቅዱስ አውግስጢኖስ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ፥ በጊዜው ልማድ የቤተ ክርስቲያን መቀመጫ በኪራይ ይያዝ ስለነበር፥ እነዚህ ሰዎች ለራሳቸው ብቻ ሳይሆን በባርነት ላሉት ወገኖቻቸውም መቀመጫ እንደ ያዙላቸው ይተረካል። ሰው ታሞ ቢተኛ የሚያስታምሙ፥ ሲሞት የሚቀብሩ፥ እኛ ዕድር ከምንለው ጋር የሚመሳሰሉ የመረዳጃ ማኅበራትም ነበሯቸው። በኋላ ክሱን ያቆመው ገንዘብ የተሰበሰበው ከእንዲህ ዓይነቶቹ ማኅበራት ነው።

ፕሌሲ ያደገው ለዚህ ሕዝብ ተስፋ በተሰጠበት ዘመን ነበር። የእርስ በርሱ ጦርነት በ1865 ዓ.ም. አበቃ፤ ባርነትም ተሻረ። በ1867 ዓ.ም. ኮከብ የተሳለባቸውን የጥቁሮች ማመላለሻዎች እምቢ ብለው በነጮቹ ላይ የተሳፈሩ ሰዎች ከተማይቱ ልዩነቱን እንድትተው አስገደዱ። በ1868 ዓ.ም. የወጣው የግዛቱ ሕገ መንግሥት በሕዝብ መገልገያዎች ዘር ለይቶ ማስተናገድን ከለከለ። ለጥቂት ዓመታትም ከትምህርት ቤቶች አንዳንዶቹ የሁለቱን ወገን ልጆች በአንድ ክፍል ያስተምሩ ነበር። ይህ ሁሉ የፌዴራሉ ጦር በ1877 ዓ.ም. ከደቡብ ሲወጣ ወደ ኋላ ይመለስ ጀመር። ሰው ከቶ ያልቀመሰውን ነገር ሲያጣ የሚሰማውና አንድ ጊዜ በእጁ የገባውን ሲነጠቅ የሚሰማው አንድ አይደለም። የእነዚህ ክሪዮሎች ጽናት ምንጩ በከፊል ይህ ይመስለናል።

ወጣቱ ፕሌሲ በዱሜን መንገድ በሚገኝ የጫማ ሱቅ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። በ1887 ዓ.ም. የሕዝብ ትምህርት እንዲሻሻል የሚታገል የአንድ ማኅበር ምክትል ሊቀ መንበር ሆኖ ተመረጠ። በ1888 ዓ.ም. ሉዊዝ ቦርዴናቭን ከላይ በጠቀስነው በቅዱስ አውግስጢኖስ ቤተ ክርስቲያን በምሥጢረ ተክሊል አገባ፤ አሠሪው ምስክር ሆኖለት ነበር። ኑሮአቸውም በዚያው በትሬሜ ሰፈር ሆነ።

በ1890 ዓ.ም. የሉዊዚያና ምክር ቤት በግዛቱ ውስጥ የሚመላለሱ የባቡር ኩባንያዎች ለነጮችና ለጥቁሮች ለየብቻ፥ ነገር ግን እኩል የሆነ ፉርጎ እንዲያዘጋጁ ሕግ አወጣ። የአገሩ ገዢ ፍራንሲስ ኒኮልስም ፈረመበት። ባልተመደበበት ፉርጎ አልነሣም ያለ መንገደኛ 25 ዶላር ይቀጣል ወይም እስከ 20 ቀን ይታሰራል። ማን ነጭ፥ ማን ጥቁር እንደሆነ የመወሰኑን ሥልጣን ሕጉ የሰጠው ለባቡሩ ተቆጣጣሪ ነው። ደግሞም አንድ የሚያስገርም ነገር ነበረበት። የሌላውን ዘር ልጆች የሚጠብቁ ሞግዚቶችን ሕጉ አይመለከትም። ጥቁሯ ሴት የነጩን ልጅ ታቅፋ ከሆነ በነጮች ፉርጎ ብትቀመጥ የሚነካት የለም፤ የራሷን ልጅ ታቅፋ ብትገባ ግን ወንጀለኛ ናት። ሕጉ ስለ ንጽሕናና ስለ ሰላም ሳይሆን ስለ ሎሌነትና ስለ ጌትነት እንደ ወጣ ለማወቅ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

ሕጉን ለመቃወም በ1891 ዓ.ም. በሴፕቴምበር ወር 18 ሰዎች ተሰብስበው የዜጎች ኮሚቴ የተባለውን አቋቋሙ። ሊቀ መንበሩ አርተር ኤስቴቭ የመርከብ ሸራ ይሠራ ነበር። ክሩሴደር የተባለውን ጋዜጣ የመሠረተው ሉዊ ማርቲኔ ጠበቃና ውል አዋዋይ ነበር። ሮዶልፍ ዴዱን በጉምሩክ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኖ እየሠራ በዚያው ጋዜጣ ይጽፍ ነበር። ኮሚቴው ለሕዝቡ ጥሪ አቀረበ፤ ገንዘቡም ከመረዳጃ ማኅበራት፥ ከሠራተኞች፥ ከሌሎች ከተሞችም ጭምር በጥቂት በጥቂቱ ተዋጣ። እስከ መጨረሻው ድረስ የተሰበሰበው ወደ 3,000 ዶላር የሚጠጋ ነበር። ለዚያ ዘመን የእጅ ሙያተኞች ይህ ቀላል ገንዘብ አልነበረም። ክሱን የሚመራው አልቢዮን ቱርዤ በኒው ዮርክ ግዛት የሚኖር ነጭ፥ በጦርነቱ ለሰሜኑ ወገን የተዋጋ፥ በኋላም ዳኛና ልብ ወለድ ጸሐፊ የሆነ ሰው ነበር። ለድካሙ ዋጋ አልቀበልም አለ። በኒው ኦርሊንስ ችሎት የሚቆመው ጠበቃ ጄምስ ዎከር ግን 1,000 ዶላር ተከፈለው።

አንድን ሕግ በፍርድ ቤት ለማስሻር ሕጉ መጥፎ ነው ማለት ብቻ አይበቃም። በሕጉ የተጎዳ ሰው ያስፈልጋል፤ ይህም ሰው በትክክል በዚያ ሕግ እንጂ በሌላ ምክንያት መከሰስ የለበትም። አንድ ጥቁር በነጮች ፉርጎ ቢቀመጥና መንገደኞች ደብድበው ቢያወጡት፥ ወይም ሁከት ፈጥሯል ተብሎ ቢከሰስ፥ የባቡሩ ሕግ ሳይነካ ይቀራል። ስለዚህ ኮሚቴው ሁሉን አስቀድሞ ማሰናዳት ነበረበት። የባቡር ኩባንያዎችም ቢሆኑ ተጨማሪ ፉርጎ መጎተቱ ወጪ ስለሆነባቸው ሕጉን አልወደዱትም ነበር፤ ስለዚህ በምሥጢር የሚተባበር አልጠፋም።

በመጀመሪያ የተላከው የሮዶልፍ ዴዱን ልጅ ዳንኤል ነው። ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1892 ዓ.ም. ወደ አላባማ ግዛት የሚሄድ ቲኬት ገዝቶ ተሳፈረ፤ እንደ ታሰበውም ተያዘ። ነገር ግን የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሌላ መዝገብ ሕጉ ከግዛት ወደ ግዛት የሚጓዙትን እንደማይመለከት ስለ ወሰነ ክሱ ተሰረዘ። ይህ ድል ነበር፤ ሆኖም ሙሉ አልነበረም። ከሉዊዚያና ሳይወጣ የሚጓዝ ሌላ ሰው ያስፈልግ ነበር።

ያም ሰው ፕሌሲ ሆነ። የተመረጠው ሠላሳ ዓመት ገደማ የሆነው፥ ያልታወቀ፥ ነጭ መሳይ ሰው ስለሆነ ነበር፤ ቱርዤ ይህን የፈለገው ዘር በዓይን ታይቶ የማይለይ ከሆነ ተቆጣጣሪው በምን ሊፈርድ ይችላል ብሎ ለመሟገት ነው። ማርቲኔ ስለዚህ ጉዳይ የራሱ ሥጋት ነበረው፤ በኒው ኦርሊንስ እንዲህ ያለውን ሰው ማንም ላያግደው ይችላልና። ከዚህም ሌላ ክሪዮሎቹ ነጭ መሳዮችን ብቻ ለማስጠቀም ነው የሚከራከሩት የሚል ሐሜት ከወገኖቻቸው መካከል ይሰማ ነበር። ሐሜቱ ፍጹም መሠረት የለሽ ነበር ለማለት አንደፍርም፤ ከባርነት በቅርብ የወጡትና እነዚህ ቀድመው ነፃ የነበሩት ሁልጊዜ አንድ ልብ አልነበሩም። ሕጉ ግን ሁለቱንም በአንድ ፉርጎ ውስጥ ከተታቸው።

ጁን 7 ቀን 1892 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ ፕሌሲ በፕሬስ መንገድ ከሚገኘው ባቡር ጣቢያ ወደ ኮቪንግተን የሚወስድ የአንደኛ ማዕረግ ቲኬት ገዝቶ የምሥራቅ ሉዊዚያና ኩባንያ ባቡር ላይ ወጣ፤ በነጮቹ ፉርጎም ተቀመጠ። ተቆጣጣሪው መጥቶ ዘሩን ጠየቀው። ፕሌሲ ጥቁር መሆኑን ሳይሸሽግ ተናገረ፤ ወደ ሌላው ፉርጎ እንዲሄድ ሲታዘዝም አልሄድም አለ። ባቡሩ ቆመ። ኮሚቴው ቀጥሮ ያዘጋጀው ክሪስ ኬን የተባለ የግል ወንጀል መርማሪ ገብቶ ያዘው፤ ከባቡሩም አውርዶ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ወሰደው። የኮሚቴው አባላት ፈጥነው ደርሰው ዋስ ሆኑት። ጫማ ሰፊው በዚያው ምሽት ወደ ቤቱ ገባ።

ነገሩ ሁሉ አስቀድሞ የታሰበ መሆኑ የድፍረቱን ዋጋ የሚቀንስ የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኛ እንደዚያ አናየውም። በዚያ ዘመን በደቡብ ግዛቶች ጥቁሮች ያለ ፍርድ በአደባባይ ይሰቀሉ ነበር፤ በ1892 ዓ.ም. ነገሩ እጅግ በርትቶ ነበር። ባቡሩ ላይ የሚነሣው ሕዝብ ምን እንደሚያደርግ ኮሚቴው ሊያውቅ አይችልም። በድንገት ተቆጥቶ እምቢ ያለ ሰው አደጋውን ለማሰብ ጊዜ የለውም። ፕሌሲ ግን ሲያስብበት ሰንብቶ ነው የተሳፈረው።

ጉዳዩ የቀረበው በወንጀል ችሎት በዳኛ ጆን ሃዋርድ ፈርጉሰን ፊት ነው። ፈርጉሰን የሰሜን ሰው፥ የማሳቹሴትስ ተወላጅ ነበር፤ የዳንኤልን ክስ የሰረዘውም እርሱ ነው። በዚህኛው ግን በኖቬምበር 1892 ዓ.ም. ግዛቱ በክልሉ ውስጥ የሚመላለሱ ባቡሮችን የመቆጣጠር መብት እንዳለው በየነ። ጠበቆቹ ፍርዱ እስኪሰጥ አልጠበቁም፤ የበላዩ ፍርድ ቤት ዳኛውን ከዚህ ክስ እንዲያግድላቸው አመለከቱ። መዝገቡ ፕሌሲ በፈርጉሰን ላይ የሚል ስም የተሰጠው ከዚህ የተነሣ እንጂ ዳኛው በግሉ በድሎት አይደለም። በሉዊዚያና ጠቅላይ ፍርድ ቤት የዳኞቹ አለቃ ሆኖ የተቀመጠው ማን ነበር ቢባል፥ ከሁለት ዓመት በፊት ገዢ ሳለ ሕጉን የፈረመው ያው ፍራንሲስ ኒኮልስ ነው። አቤቱታው በዚያ ወደቀ። ይግባኙ ወደ ዋሽንግተን እንዲሄድ ግን ተፈቀደ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ያህል አለፈ። ቱርዤ ከጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኞች የሚበዙት እንደሚቃወሟቸው ተረድቶ ስለነበር አልቸኮለም፤ ጊዜ ሰጥተን የሕዝብን አስተያየት እንለውጥ የሚል ተስፋ ነበረው። ጊዜው ግን የተለወጠው ወደ ባሰ ነገር ነው።

በእነዚህ የመጠባበቂያ ዓመታት የተከሰተ፥ በካቶሊካዊ ጽሑፍ ሊዘለል የማይገባው አንድ ጉዳይ አለ። የኒው ኦርሊንስ ሊቀ ጳጳሳት ፍራንሲስ ያንሰንስ ጥቁሮች ምእመናን በቤተ ክርስቲያን ከኋላና ከዳር እየተቀመጡ እንደሚዋረዱ፥ ከዚህም የተነሣ ብዙዎች ቤተ ክርስቲያንን እየተዉ እንደሚሄዱ ያውቁ ነበር። መፍትሔ ይሆናል ብለው ያሰቡት ለእነርሱ የተለየ ቁምስና ማቋቋምን ነው። ካታሪና ድሬክስል፥ ሀብቷን በሙሉ ለጥቁሮችና ለቀያይ ሕንዶች አገልግሎት የሰጠችው ገዳማዊት፥ ገንዘብ ረዳች፤ በሜይ 1895 ዓ.ም. ቅድስት ካታሪና የተባለው ቤተ ክርስቲያን ተባረከ። ማንም ወደዚያ እንዲሄድ አልተገደደም። የኮሚቴው ሰዎች ግን አጥብቀው ተቃወሙ። ክርክራቸው እንዲህ የሚል ነበር፤ በባቡር ላይ መለየታችንን በፍርድ ቤት እየተቃወምን በእግዚአብሔር ቤት መለየታችንን እሺ ብለን ከተቀበልን፥ ባላጋራዎቻችን ቤተ ክርስቲያንን ምስክር አድርገው ይጠሩብናል። ሊቀ ጳጳሳቱ በበጎ ሐሳብ ተነሥተው እንደ ነበር መጠራጠር አይገባም፤ ካታሪናም በ2000 ዓ.ም. ቅድስት ተብላለች፤ በዚያችው ከተማ ያቋቋመችው ትምህርት ቤትም በ1925 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲነት አድጎ ለጥቁሮች ብዙ ሐኪሞችንና መምህራንን አፍርቷል። የሆነው ሆኖ በዚህ ነገር እውነቱ የነበረው ከኮሚቴው ዘንድ ነው።

ክሱ ኤፕሪል 13 ቀን 1896 ዓ.ም. በዋሽንግተን ተሰማ። ቱርዤ ያቀረበው ክርክር ብዙ ገጽ ነበረው። መንግሥት ዜጎቹን በዘር መድቦ የመመዝገብ ሥልጣን ከወዴት አገኘ? በአንዱ ግዛት ጥቁር የሚባለው በሌላው ነጭ ሆኖ ሳለ ተቆጣጣሪው ምን መስፈርት ይዞ ይፈርዳል? የሰው ስምና ክብር እንደ ንብረት ከሆነ፥ ያለ ፍርድ እንዴት ይወሰዳል? ባርነትን የሻረው 13ኛውና የሕግ እኩል ጥበቃን ያጎናጸፈው 14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በከንቱ ተጻፉን? ዳኞቹም አንድ ቀን ጥቁር ሆነው ቢነሡ ምን እንደሚሰማቸው እንዲያስቡ ጠየቃቸው።

ፍርዱ ሜይ 18 ቀን ተነበበ። ሰባት ዳኞች ፕሌሲን ረቱት፤ አንዱ ብቻ ተለየ፤ ዘጠነኛው በቤተሰቡ ሐዘን ምክንያት አልነበረም። ውሳኔውን የጻፈው ሄንሪ ብራውን፥ ሕገ መንግሥቱ የፖለቲካ እኩልነትን እንጂ በማኅበራዊ ኑሮ መቀላቀልን አያዝም፤ መለየቱ ውርደት ሆኖ የሚታያቸውም ጥቁሮቹ ራሳቸው ስለተረጎሙት ነው የሚል ምክንያት ሰጠ። ከሰባቱ አንዱ ኤድዋርድ ዳግላስ ዋይት የሉዊዚያና ሰው፥ እምነቱም ካቶሊክ ነበር፤ በኋላም የዳኞች ሁሉ አለቃ ሆኗል። የተለየው ጆን ማርሻል ሃርላን ግን ባሪያ ከነበራቸው የኬንታኪ ቤተሰብ የተወለደ ነው። ሕገ መንግሥቱ ቀለም አያውቅም፥ ይህም ፍርድ ባርነትን ካጸደቀው ከቀድሞው ፍርድ የማይተናነስ ጉዳት ያመጣል ሲል ጻፈ። ሃርላንም ቢሆን በዚያው ጽሑፍ ስለ ቻይናውያን የተናገረው ቃል የሚያስመሰግነው አይደለም።

በዚያ ሰሞን ነገሩን ልብ ያለው ጥቂት ነው፤ የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ዜናውን ያወጣው በባቡር ጉዳዮች ዓምድ ሥር ነበር።

ጃንዋሪ 11 ቀን 1897 ዓ.ም. ፕሌሲ ወደ ኒው ኦርሊንስ ችሎት ተመልሶ ጥፋተኛ ነኝ አለ፤ 25 ዶላር መቀጮም ተከፈለ። ኮሚቴው የገንዘቡን ገቢና ወጪ ለሕዝብ አሳውቆ፥ የተረፈችውን ለበጎ አድራጎት ሰጥቶ ተበተነ።

እንግዲህ ጥያቄው የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። እነዚህ ሰዎች ክሱን ባያነሡ አይሻልም ነበርን? ከፍርዱ በፊት የባቡሩ ሕግ የጥቂት ግዛቶች ሕግ ነበር፤ ከፍርዱ በኋላ የአገሪቱ የበላይ ፍርድ ቤት ማኅተም ያረፈበት ሆነ። መለያየቱ ወደ ትምህርት ቤት፥ ወደ ሆስፒታል፥ ወደ ውኃ ቧንቧ፥ ወደ መቃብር ስፍራ ገባ። በሉዊዚያና በ1898 ዓ.ም. በወጣው አዲስ ሕገ መንግሥት ሳቢያ፥ በ1896 ዓ.ም. ከ130,000 በላይ የነበሩት የጥቁር መራጮች ቁጥር በ1900 ዓ.ም. ወደ 5,000 ገደማ ወረደ። ቱርዤም አሉታዊ ፍርድ ለብዙ ዘመን እንደሚያስር ያውቅ ነበር። ይህን ሁሉ ከቈጠርን በኋላ የእኛ አስተያየት፥ ዝም ቢሉም ሕጎቹ አይቀሩም ነበር የሚል ነው። ምክር ቤቶቹም፥ ፖሊሱም፥ የምርጫው ሣጥንም ከእጃቸው ወጥተው ነበር። የቀረላቸው ችሎት ብቻ ነበር። በችሎትም በደሉ በሕዝብ ፊት በስሙ ተጠራ፤ የተቃውሞው ምክንያት አንድ በአንድ ተጽፎ ቀረ፤ የሃርላንም ቃል ከዚያው ፋይል ውስጥ ተቀመጠ። ማኅበረሰቡ ባይከስ ኖሮ ሃርላን የሚጽፍበት ወረቀት አይኖርም ነበር።

የኮሚቴው ሰዎች ወደየኑሮአቸው ተመለሱ። ክሩሴደር ጋዜጣ ተዘጋ። ሮዶልፍ ዴዱን የዓይኑን ብርሃን አጣ፤ ነገር ግን ስለ ክሪዮል ወገኖቹ ታሪክ በፈረንሳይኛ የጻፈው መጽሐፍ በ1911 ዓ.ም. በሞንትሪያል ታተመ፤ ስለ ኮሚቴው ከምናውቀው ብዙው የመጣው ከዚያ ነው። ልጁ ዳንኤል በኦማሃ ከተማ ስመ ጥር ሙዚቀኛ ሆኖ፥ አባ ፍላናጋን ለአሳዳጊ አልባ ልጆች ባቋቋሙት ሰፈር የሙዚቃ ጓድ አሠልጥኗል።

ፕሌሲ ራሱ ጫማ መስፋቱን ተወ፤ የፋብሪካ ጫማ ገበያውን ስለ ያዘው የእጅ ሥራው ወድቆ ነበር። የቀን ሠራተኛ፥ የመጋዘን ሠራተኛና ጸሐፊ ሆኖ ኖረ፤ በመጨረሻም ጥቁሮችን ለሚያገለግል የሕይወት መድን ኩባንያ ገንዘብ ሰብሳቢ ሆነ። ስለዚያ ቀን በየአደባባዩ ሲናገር የሰማ የለም። ማርች 1 ቀን 1925 ዓ.ም. ዐረፈ።

ሥራው ግን በዚያችው ከተማ ወራሽ አገኘ። አሌክሳንደር ፒየር ቱሮ፥ በ1899 ዓ.ም. የተወለደ ክሪዮልና ካቶሊክ፥ የጥቁሮች ካቶሊካውያን ማኅበር በሆነው በቅዱስ ጴጥሮስ ክላቬር ማኅበር ውስጥ በኃላፊነት ያገለገለ ጠበቃ፥ በመምህራን ደመወዝ፥ በመራጮች ምዝገባና በዩኒቨርሲቲ መግቢያ ጉዳይ አንዱን ክስ ከሌላው እያስከተለ ያቀርብ ጀመር። የሚከፍሉትና የሚከሱት እንደ ቀድሞው ተራ ሰዎች ነበሩ። በሌሎች ግዛቶችም ወላጆች ለልጆቻቸው አውቶቡስና የተሻለ ክፍል ከመጠየቅ ተነሥተው ወደ ችሎት ሄዱ። ጉዳዮቻቸው ተሰብስበው በአንድነት ሲታዩ፥ ሜይ 17 ቀን 1954 ዓ.ም. ዘጠኙም ዳኞች ያለ ልዩነት በትምህርት ቤት ዘር መለየት ሕገ መንግሥቱን ይጻረራል ብለው ፈረዱ። ፕሌሲ ከተፈረደበት ዕለት 58 ዓመት ሊሞላ አንድ ቀን ቀርቶ ነበር። በኒው ኦርሊንስ አራት ትንንሽ ጥቁር ልጃገረዶች በኖቬምበር 1960 ዓ.ም. ወደ ነጮች ትምህርት ቤት የገቡት ቱሮ በ1952 ዓ.ም. በከፈተው መዝገብ ነው። ሊቀ ጳጳሳት ጆሴፍ ራሜልም በ1962 ዓ.ም. የሀገረ ስብከቱን ትምህርት ቤቶች ለሁሉም እኩል ከፈቱ፤ በዚህ ጉዳይ አምፀው ሕዝብ ያነሣሡባቸውን ሦስት ምእመናንም ከቤተ ክርስቲያን አንድነት ለዩ።

ከብዙ ዘመን በኋላ የፕሌሲ ዘመዶችና የዳኛ ፈርጉሰን ተወላጆች ተገናኝተው በ2009 ዓ.ም. በሁለቱ ስም የሚጠራ አንድ ድርጅት መሠረቱ። የተያዘበት መንገድ በከፊል በስሙ ተሰየመ። በወንጀል መዝገቡ ላይ የሰፈረው ጥፋተኝነት ግን እስከ ጃንዋሪ 5 ቀን 2022 ዓ.ም. ድረስ አልተነሣም ነበር፤ በዚያ ቀን የሉዊዚያና ገዢ ጆን ቤል ኤድዋርድስ ፕሌሲ ከባቡር ከወረደበት ስፍራ አጠገብ በተደረገ ሥነ ሥርዓት የምሕረቱን ወረቀት ፈረመ። አፅሙ በቀድሞው የካቶሊካውያን መካነ መቃብር፥ ቅዱስ ሉዊስ ቁጥር 1 በሚባለው፥ በእናቱ በደበርግ ቤተሰብ መቃብር ውስጥ ዐርፏል።